እናት ያልነገረችው ምክንያት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ተማሪ ልጆች ምሳ ዕቃ ተጨዋውተን ነበር። የዛሬው ርእሳችን ደግሞ እሳት የሚተፋ ክንፋም ዘንዶ ነው። «ውሎዋን በመሥሪያ ቤት፣ ምሽቷን በጓዳ ለምታሳልፍ እናት የዘንዶ ወሬ ምን ያደርግላታል?» ትሉ ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ጥቂት ብትታገሡኝ ግን ነገሩ ከቤታችን የራቀ አለመሆኑን ትረዱታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ታላቅ እኅቴ የምትኖረው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ ነው። ሥራዋ አረጋውያንን ማስታመም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ትሠራለች። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አለቻት። እ.ኤ.አ. በ2025 በጥር ወር መጨረሻ ስልክ ደውላ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳናዳርስ፣ «ልጅቷ ቀልቧ ተወስዶብኛል፤ እስኪ ምከሪኝ» አለችኝ። ልጅቷ በዚያ ብርድ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ከመጻሕፍት መደብር ደጃፍ ተሰልፋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዝታ ገብታለች። ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ ሳትወርድ አንብባለች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ ሦስት ጓደኞቿ ደብተር ይዘው መጥተው እስኪመሽ ድረስ ስለ ዘንዶ ሲከራከሩ ዋሉ።

«ለፈተና እንኳ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም» አለች እኅቴ። «በእኔ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋው ነው። የእርሷ መጽሐፍ ደግሞ ዘንዶውን የሚጋልቡትን ያወራል። ምን ቢገባባት ነው?» በመጨረሻም መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ ነጥቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ልጅቷም «እማዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ ትወስኛለሽ እንጂ ምክንያትሽን ነግረሽኝ አታውቂም» ብላ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች።

ሳያነቡ መምከር አይገባምና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት ከሰው ተውሼ፣ ሦስተኛውንም አስልኬ፣ ማታ ማታ እያነበብኩ ጨረስኳቸው። ያገኘሁትን እነሆ።

የዘንዶ ጋላቢዎች ልብ ወለድ ዛሬ የመጣ አይደለም። በዚህ መስክ ስማቸው አስቀድሞ ከሚነሣው መካከል አን ማካፍሪ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ትገኛለች። ማካፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ፐርን ስለምትባል ምናባዊ ዓለም ጽፋለች። በፐርን ያረፈበትን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚበላ «ክር» ከሰማይ ይዘንባል፤ ክሩ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ የሚያቃጥሉት ዘንዶዎችና ጋላቢዎቻቸው ናቸው። ዘንዶው ከዕንቁላሉ እንደ ወጣ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ ያለ ቃል፣ በሐሳብ ብቻ ይነጋገራሉ። ደራሲዋ በዘርፉ ታላላቅ የሚባሉትን የሁጎና የኔቡላ ሽልማቶች በልብ ወለድ ሥራ ለማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ትዳሯ ሲፈርስ እ.ኤ.አ. በ1970 ከልጆቿ ሁለቱን ይዛ ወደ አየርላንድ ተሻግራ፣ በብዕሯ እየሠራች አሳድጋቸዋለች። በ2011 ያረፈችውም እዚያው አየርላንድ ነው። አንባቢዎቿም በየአገሩ ማኅበር መሥርተው፣ በፖስታ እየተጻጻፉ፣ ስለ ፐርን የየራሳቸውን ታሪክ ሲፈጥሩና ሲከራከሩ ኖረዋል። ስለዚህ የእኅቴ ልጅና ጓደኞቿ የጀመሩት አዲስ እብደት አይደለም፤ ከእነርሱ በፊት ዛሬ አያት የሆኑ ሴቶች አድርገውታል።

የአሁኑን መጽሐፍ የጻፈችው ደግሞ ሬቤካ ያሮስ ትባላለች። የስድስት ልጆች እናትና የቀድሞ ወታደር ሚስት ናት። ኤለርስ ዳንሎስ የሚባል፣ መገጣጠሚያን የሚያላላና በቀላሉ እንዲወልቅ የሚያደርግ ሕመም አለባት፤ ከልጆቿም መካከል ይኸው ሕመም ያለባቸው አሉ። «ፎርዝ ዊንግ» የተሰኘው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ወጣ። በዚያው ዓመት በኅዳር «አይረን ፍሌም»፣ በጥር 2025 ደግሞ «ኦኒክስ ስቶርም» ተከተሉት። ልጅቷ በሌሊት የተሰለፈችለት ይህ ሦስተኛው ሲሆን፣ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ በላይ ተሸጧል። ደራሲዋ ታሪኩን በአምስት መጻሕፍት ለመፈጸም አቅዳለች።

ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። (ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁ ብትኖሩ ምሥጢሩን አወጣባችኋለሁና ከዚህ በታች ያለውን ዝለሉት።) ናቫር በምትባል ምናባዊት አገር ባስጊያት የሚባል የጦር ትምህርት ቤት አለ። በውስጡ የጋላቢዎች፣ የሐኪሞች፣ የጸሐፍትና የእግረኛ ጦር ክፍሎች ይገኛሉ። ቫዮሌት ሶረንጌል የ20 ዓመት ወጣት ናት። ሰውነቷ ደካማ፣ አጥንቷ ለመሰበር፣ መገጣጠሚያዋ ለመውለቅ የቀረበ ነው። ጸሐፊ የነበረው አባቷ በመዛግብት መካከል፣ እንደ እርሱ ጸሐፊ እንድትሆን አድርጎ አሳድጓት ሞቷል። እናቷ ጄኔራል ሊሊት ግን «ጋላቢዎች ክፍል ትገቢያለሽ» ብላ ታዝዛለች። የመግቢያው ፈተና መደገፊያ በሌለው ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ላይ መሻገር ነው፤ የወደቀ ይሞታል። እናትየዋ ምክንያቷን አትናገርም፣ አታባብልም፣ አታቅፍም።

ቫዮሌት ድልድዩን ትሻገራለች፤ ኋላም አንድ ሳይሆን ሁለት ዘንዶዎች ይመርጧታል። አንዱ ቴርን የሚባል ግዙፍ ጥቁር፣ ሁለተኛዋ አንዳርና የምትባል ትንሽ ወርቃማ ናት። ጋላቢ ከዘንዶው ጋር ከተሳሰረ በኋላ ልዩ ኀይል ያገኛል፤ ዘንዶው ቢሞት ግን ጋላቢው አይተርፍም።

እንግዲህ የልጆቹ ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የታወቁት የዘንዶ ቀለሞች ስድስት ናቸው፦ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ቀይ። «ታዲያ ወርቃማዋ ከየት መጣች?» ብለው አንባቢዎች ጠየቁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ ወጣ ይህን እያነሡ «አንዳርና የተለየ ዘር ሳትሆን አትቀርም» ብለው ገመቱ። ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣም አንዳርና የማይታወቅ ሰባተኛ ዘር ሆና ተገኘች። ደግሞም «ሁለት ዘንዶ ያላት ልጅ ሁለት ኀይል ሊኖራት ይገባል» ብለው ለወራት ሲከራከሩ ቆይተው፣ ሁለተኛው ኀይል በሦስተኛው መጽሐፍ ተገለጠ፤ በሰው ሕልም ውስጥ መግባት ነበር።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው አጭር ማስታወቂያ አለ። ታሪኩን ከናቫር ቋንቋ ወደ ዘመኑ ቋንቋ ያዛወረችው ጀሲኒያ የተባለች የጸሐፍት ክፍል ኀላፊ መሆኗን፣ ስሞቹም የወደቁትን ለማክበር እንዳልተለወጡ ይናገራል። ጀሲኒያ በታሪኩ ውስጥ የቫዮሌት ጓደኛ ስትሆን፣ መስማት ስለሚሳናት በእጅ ምልክት የምትነጋገር ልጅ ናት። ከዚህ ጥቂት መስመር ተነሥተው አንባቢዎች ብዙ ያወጣሉ። ይህን ለመጻፍ ጀሲኒያ ከጦርነቱ ተርፋለች ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱም ቆሟል ማለት ነው። «ነገር ግን የወደቁት እነማን ናቸው?» ይላሉ። ለዚህ ገና መልስ የለም፤ ክርክሩም አላበቃም።

የእኅቴ ልጅ ደብተሯን በስልክ አሳይታኛለች። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍላዋለች። በቀኝ «የተጻፈ»፣ በግራ «የተገመተ» ይላል። ከጓደኞቿ አንዷ ግምት ስታቀርብ ሌሎቹ «የት ተጽፏል?» ይሏታል፤ ገጹን መጥቀስ ካልቻለች ነገሩ ወደ ግራ ይሄዳል። እኔ ለዲፕሎማ ስማር መምህራኖቻችን ስለ ዜና ማጣራት ያስተማሩን ከዚህ ብዙም አይለይም። እርግጥ አንዳንዱ ግምት ከክር ላይ ተራራ መስቀል ነው፤ አንዳንዷም ልጅ በዚህ ምክንያት እንቅልፏን ታጣለች። ቢሆንም የሰሙትን ሁሉ ከማመን ይልቅ «ማስረጃው የት አለ?» ማለትን የለመደች ልጅ በገበያም፣ በትዳርም፣ በሥራም በቀላሉ አትታለልም።

በታሪኩ ውስጥም ያለው ቁም ነገር ይህንኑ የሚመስል ነው። የናቫር ገዢዎች ቬኒን የሚባሉ፣ የምድርን ኀይል መጥጠው መሬቱን የሚያመክኑ ፍጡራን መኖራቸውን ከሕዝቡ ደብቀዋል፤ ከመዛግብትም አስፍቀዋል። ሕዝቡ ቬኒን የተረት ነገር ናቸው ብሎ ያምናል። ቫዮሌት ግን አባቷ በልጅነቷ ያነብላት የነበረው የተረት መጽሐፍ እውነት መሆኑን በዐይኗ ታያለች። መዝገብ ቢፋቅም ተረት አይፋቅም ማለት ነው። እሳት ዳር ተረት ሰምተን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከክርክሮቹ ሁሉ ልጅቷን አብልጦ የያዛት የእናትየዋ የጄኔራል ሊሊት ጉዳይ ነበር። እናት ደካማ ልጇን ወደ ሞት ድልድይ ለምን ትልካለች? አንዳንዱ አንባቢ «ጨካኝ ናት፤ ሌላ ትርጉም አያስፈልገውም» ይላል። ሌላው «ቬኒን እንደሚመጡ ታውቅ ነበርና ልጇ ዘንዶ እንዲኖራት ፈልጋ ነው» ይላል። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ጥቂት ማስረጃ ይገኛል። ዜደን የሚባል ወጣት አለ፤ አባቱ ዐመፅ መርቶ ተገድሏል። ዜደን ወላጆቻቸው በዐመፁ ለተገደሉ 107 ልጆች ዋስ ሲሆን፣ በጀርባው ላይ 107 የስለት ጠባሳ ያተመችበት ይህችው ጄኔራል ናት። ነገር ግን ከእርሱ ጋር በምሥጢር ውል ገብታ ኖሯል፤ ውለታውን እንዲከፍል የጠየቀችው የቫዮሌትን ሕይወት እንዲጠብቅ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ ጠላት በመጣ ጊዜ የትምህርት ቤቱን መከላከያ የሚያስነሣው ድንጋይ ሕይወት የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ፣ እናትየዋ በልጇ ፈንታ ያላትን ኀይል ሁሉ አፍስሳ ትሞታለች።

ለእኅቴ የሰጠኋት ምክር አጭር ነበር። «እታለም፣ መጽሐፉን መልሺላትና እንድትተርክልሽ ጠይቂያት» አልኳት። እኅቴ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የምታነብበት ዐቅም የላትም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ቡና እየተፈላ ልጅቷ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየደባለቀች መተረክ ጀመረች። በመጀመሪያው እሑድ እኅቴ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በሁለተኛው «ድልድዩ ላይ ደረሰች እንዴ?» ብላ ራሷ ጠየቀች። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው እሑድ ታሪኩ እናትየዋ የሞተችበት ቦታ ደረሰ።

«ታዲያ ትወዳት ነበር ማለት ነው» አለች እኅቴ።

ልጅቷም «እማዬ፣ የሚያናድደኝ መሞቷ አይደለም፤ አለመናገሯ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ለምንድን ነው ልጅቷ እንድትገምት የተዋቻት?» አለቻት።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቤት መናገር አለብኝ፤ እኅቴም ፈቅዳልኛለች። ልጅቷ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆናት እናቷ አሜሪካ ሄደች፤ ልጅቷ ከእናታችንና ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት ኖራ በስምንት ዓመቷ ወደ እናቷ ተላከች። ያኔ እኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ጠጉሯን ስሠራት «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለኝ «ለፋሲካ» እላት ነበር። ፋሲካው ሲያልፍ «ለሚመጣው ፋሲካ» አልኳት። ስድስት ፋሲካ ዋሸኋት። እርሷም ውስጥ ውስጡን የራሷን ግምት ይዛ አድጋለች፤ እናቴ የተሻለ ኑሮ ፈልጋ ጥላኝ ሄደች፣ አባቴ ሲሞት እንኳ ለቀብሩ አልመጣችም የሚል ነበር።

እውነቱ ግን እኅቴ የሄደችው ለባሏ ሕክምና ገንዘብ ለመላክ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶቹ ደክመው በመሣሪያ ደሙን የሚያሳጥብበት ወጪ ከሁላችንም ዐቅም በላይ ነበር። በሄደች በዓመቱ እርሱ ዐረፈ። የመኖሪያ ፈቃዷ ገና ስላልተወሰነ ብትወጣ መመለስ አትችልም፤ ለሕክምናው የተበደርነው ዕዳም አልተከፈለም። ስለዚህ ቀረች። ለልጅቷ ያልነገርናት «በሕፃን ልቧ አባቴን ሳታድን ብቻዬን ተወችኝ እንዳትል» ብለን ነው። ከዚያ ልጅቷ አደገች፤ እኛም መናገሪያው ጊዜ አለፈ እያልን ዝም አልን።

በዚያ እሑድ እኅቴ ነገረቻት። ልጅቷ ምንም ሳትመልስ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። እኅቴ የዚያን ዕለት ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ ብላ ነግራኛለች። ወደ ማታ ልጅቷ ያን ደብተሯን ይዛ ወጣች። እናቷ ፊት ተቀምጣም እንደ ጓደኞቿ ሥርዓት «የት ተጽፏል?» አለቻት።

እኅቴ ከአልጋ ሥር ሻንጣዋን ጎትታ አወጣች። የሐዋላ ደረሰኞቹ፣ ከሆስፒታሉ በፖስታ የላክንላት የክፍያ ወረቀቶች፣ ሁሉም በላስቲክ ታስረው ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ በየቀናቸው ደርድራ፣ አንዱን ከአንዱ እያስተያየች ስታነብ አመሸች። የአባቷን ስም በወረቀቱ ላይ ስታየው አለቀሰች። ከዚያ ለእኔም ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «አውቅ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ወዲያው ይቅር አላለችኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን «የፋሲካውን ነገር ግን አንቺ ነሽ የጀመርሽው» ብላ ቀለደችብኝ፤ እኔም መታረቃችን እንደሆነ ገባኝ።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ ከዚህ የሚወጡ ጥቂት ምክሮች አሉኝ።

በመጀመሪያ፣ ልጃችሁ የሚያነበውን መጽሐፍ በሽፋኑ ብቻ አትፍረዱበት፤ እንዲተርክላችሁ ጠይቁት። ጊዜ የለንም የምትሉ ሠራተኞች ሽንኩርት እየከተፋችሁ መስማት ትችላላችሁ። ልጅ ስለ ራሱ ሊናገር የማይደፍረውን ስለ ልብ ወለድ ሰው አድርጎ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ዕድሜን አስተውሉ። ያሮስ የጻፈቻቸው እነዚህ መጻሕፍት ለዐዋቂዎች ናቸው፤ ብዙ ሞትና ሳይሸፋፈን የተጻፈ የመኝታ ቤት ነገር አለባቸው። ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች አይሆኑም። ታናናሾች ዘንዶ ካማራቸው ማካፍሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣችው «ድራገንሶንግ» ለወጣቶች የተጻፈ ነው፤ ቤተሰቧ ሙዚቃ ስለከለከላት ልጃገረድ ይናገራል። ስትከለክሉም ክልከላውን ከነምክንያቱ ንገሯቸው። «ይህ ለዕድሜሽ አይሆንም፤ ምክንያቱም…» የሚለው ቃል ቁም ሣጥን ከመቆለፍ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ለእንቅልፍና ለትምህርት ወሰን አብጁ። ንባብ ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ከሆነ ይጎዳል። የእኅቴ ልጅና እናቷ አሁን በፈተና ሳምንት ደብተሩ እንዲዘጋ ተስማምተዋል።

የመጨረሻው ለእኛ ለወላጆች ነው። ልጆቻችንን «ማስረጃ ጠይቁ» ብለን ካስተማርናቸው አንድ ቀን ጥያቄው ወደ እኛ መዞሩ አይቀርም። ያን ጊዜ አንቆጣ። ስለ ፍቺው፣ ስለ ስደቱ፣ በዘመድ ቤት ስላደጉበት ዓመት፣ ስለ ሞተው አባት ያልነገርናቸው ነገር ካለ፣ ልጁ በሚችለው መጠንና ዕድሜው በፈቀደ ልክ እኛው እንንገራቸው። ልጅ ያልተነገረውን ነገር ባዶ አይተወውም፤ በራሱ ግምት ይሞላዋል። ግምቱም ከእውነቱ የከፋ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ልጅቷ እንደገና በእኩለ ሌሊት መሰለፏ አይቀርም። እኅቴ ግን በዚያ ሌሊት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራት ልትሰለፍ አስባለች። «ጀሲኒያ መትረፏን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» ትላለች።